እናቴ፣ የሚመለከተው አካል

ጂንካ ውስጥ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከኛ ሰፈር መግቢያ አንድ ቦኖ ውሃ አለ። የባጃጅ ሾፌሮች ቦታውን «አካል» ይሉታል። «አካል ወራጅ አለ?» ብለው ይጮኻሉ። ከሌላ አገር ለትምህርት የመጣ አዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ አንገቱን አውጥቶ ጂም ይፈልጋል። አንዱማ ወርዶ፣ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ፣ «እህቴ፣ አካል ብቃት የሚሠራበት ቤት የቱ ጋ ነው?» አለኝ። የሞላ ጀሪካኔን አሳየሁትና «ይቺን እቤቴ አድርስልኝ፣ አካልህም ይበቃል» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነበር፣ አደረሰልኝ። መንገድ ላይ የቦታውን ስም ነገር ጠየቀኝ፤ ጀመርኩለት፤ ቤቴ ግን ቅርብ ነውና ሳልጨርስ ደረስን። ለሱ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ የእናቴ ነው። የእናቴን ነገር ለማውራት ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

መንግሥት ሲለወጥ እኔ ከእናቴ ኋላ ትንሽዬ ጀሪካን ይዤ ነሪ ወንዝ የምወርድ ልጅ ነበርኩ። ያኔ ጂንካ ውስጥ «መንግሥት አለ» የሚያሰኝ ነገር ብዙ አልነበረም። አንደኛው ከተማው መሃል የተዘረጋው የአውሮፕላን ሜዳ ነው። ሜዳው ሳር ስለሆነ ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ እንጫወትበታለን፣ በገበያ ቀን ከካኮ የመጣውም ከገዘር የወረደውም ሸክሙን ይዞ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሳይረን ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሰውም በሬም አብሮ ይሮጣል። እኛ ልጆች ከዚህ የበለጠ ጨዋታ አናውቅም ነበር። እናቴ ግን ጎደሬዋን ተሸክማ መሮጡ ስለሚያበሳጫት አውሮፕላንን እስከ ዛሬ ቂም ይዛበታለች። «አልፎ አልፎ ለሚመጣው ይሄ ሁሉ ሜዳ ተሰጠው፤ እኛ በየቀኑ ለምንወርደው ወንዝ መንገድ እንኳ የለንም» ትል ነበር።

ሁለተኛው የመንግሥት ምልክት ጄኔሬተሩ ነበር። ሲመሽ ይነሣል፣ ያስላል፣ መብራት ይሰጣል፤ ወሬያችን ሳያልቅ ደግሞ ይተኛል። ውሃ ግን ከመንግሥት ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ በሰፈራችን አልነበረም። ውሃ የነሪ ነው፣ ነሪ ደግሞ የጌታ ነው። ወርደህ ትቀዳለህ፣ ዳገቱን ትወጣለህ፤ ዝናብ ከጣለ ተንሸራተህ ትወድቅና እንደገና ትወርዳለህ።

እናቴ አሪ ናት። አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ፣ ከነጋዴ ጋር እየተከራከረች ነው። ስለዚህ አማርኛዋ ለክርክር ሲሆን እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሰው ማመስገን ስትፈልግ ግን ቃል ያጥራታል። ወንድና ሴት በመለየት ደግሞ ጊዜዋን አታጠፋም። የቀበሌውን ሊቀመንበር «አንቺ» ትለዋለች። የቤተ ክርስቲያናችንን ፓስተር «ጌታ ይባርክሽ» ትለዋለች፤ እሱም አሜን ይላል። ሽንኩርት የምትሸጠዋን ሴትዮ «አንተ ሌባ!» ትላታለች፤ ሴትዮዋም የምትቆጣው «ሌባ» በሚለው ብቻ ነው። አባቴ ቀድሞን ካረፈ በኋላ በእንሰትና በጎደሬ፣ በዚህ አንደበቷም ጭምር፣ አሳድጋናለች።

እኔ ትምህርቴን ስጨርስ ታይፕ ተማርኩና አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነበር ማለቱ ይበቃል። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ ነው። መጀመሪያ ጣት በሚሰብረው ታይፕራይተር፣ በኋላ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ኮምፒውተር መጣልን። መሣሪያው ቢለወጥም ደብዳቤው ያው ነው። ከላይ «ጉዳዩ» ይላል፣ መሃል ላይ ማንም የማያነበው ነገር ይኖራል፣ መጨረሻ ላይ «የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግ በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ይህቺን ሐረግ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋታለሁ። ጣቶቼ እኔ ሳላዛቸው ይሄዱባታል።

እቤት ከእናቴ ጋር የምናወራው በአሪኛ ነው። ስለ ሥራዬ ሳወራ ግን ለዚህች ሐረግ አቻ አጣሁላትና እንዳለች በአማርኛ እከታታለሁ። እናቴም ሰማቻት፣ በገበያ አማርኛዋ ፈታቻት። አካል ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «የትኛውን አካልዎን ነው የሚያምዎት?» ይሏታል። መመልከት ደግሞ ማየት ነው። ስለዚህ በሷ ሒሳብ «የሚመለከተው አካል» ማለት ሥራው ማየት ብቻ የሆነ አንድ ሰውዬ ነው፤ ምናልባትም ትልልቅ ዓይን ያለው።

«ቀኑን ሙሉ ለሱ ነው የምትጽፊው?» አለችኝ አንድ ማታ።

«አዎ።»

«ይመልስልሻል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ምን ያድርግ፣ የሚያየው በዝቶበት ነው» አለች፤ ከልቧ አዘነችለት።

ላርማት ፈልጌ ነበር። ግን ሳቄ ቀደመኝና ተውኩት፤ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራላት ነው ተባለ። የዚያን ጊዜውን ደስታ ያላየ ሰው ሳወራ ያጋነንኩ ይመስለዋል። ዜናው ወርዶ ወርዶ ኦሞ ወንዝ ዳር ዱስ መንደር ድረስ ደርሷል አሉ። ጎረቤታችን በረቱን አጥቦ ግድግዳውን ኖራ ቀባና «ለተማሪ የሚከራይ» ብሎ ጻፈበት፤ ላሟ ግን ገና አልለቀቀችም ነበር። ከመሃል አገር መጥቶ ሰፈራችን ሱቅ የከፈተው ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲው መሠረት ሳይቆፈር፣ የሱቁን ስም ወደ «ካምፓስ» ቀየረ። ቸርች ውስጥ «የትምህርት ደጅ ተከፈተልን» ተብሎ ተዘመረ። እኔም ብሆን ፀጉሬን ተሠርቼ የግንባታውን ሳይት ለማየት ከጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ያየነው ካስማና ሣር ነበር፤ ፎቶ ተነሣን።

እውነትም ከተማው ተነቃነቀ። የመብራት ምሰሶ ተተከለ። መንገዱ ሰፋ። ሳር ላይ ያርፍ የነበረው አውሮፕላንም በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ የራሱን ቤት አገኘ፤ እናቴ «እሰይ» አለች። ከሁሉም በላይ ግን ውሃ መጣ። ከላይ ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ፣ እኔ በእጆቼ የማላቅፈው ወፍራም ቧንቧ፣ በመኪና ተጭኖ መጥቶ በኛ መንገድ ዳር ተደረደረ። ጉድጓዱም በደጃችን ፊት ለፊት መቆፈር ጀመረ።

እናቴ ያን ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ብዙ አየች። ያኔ ጉልበቷ ማበጥ ጀምሮ ነበር። እኔ ቢሮ ስውል ነሪ የምትወርደው እሷ ናት። በዚያው ክረምት ዳገቱ ላይ ተንሸራትታ ወድቃ፣ ጀሪካኑ ወደ ወንዙ ተመልሶ ሲንከባለል እያየች እዚያው ተቀምጣ እንደሳቀች ነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይቺ ሴት አንድ ቀን ወርዳ አትመለስም ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጽሑፌን ትቼ የቢሮው መስኮት ጋ እሄድ ነበር።

«ይሄ ውሃ እኛ ጋ ይታጠፋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሄጄ አለቃዬን ጠየቅኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሁልጊዜ በቢሮ አማርኛ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። «የናንተ ሰፈር በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ፌዝ ዋን ውስጥ፣ አልተካተተም። በፌዝ ቱ ይታያል» አሉኝ። የሰፈሩ ሴቶች በቀበሌ በኩል ያቀረቡት ማመልከቻስ? «ለሚመለከተው አካል ተልኳል።» ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ስለሆንኩ መላኩን አውቃለሁ።

ችግሩ ይሄ ነው፤ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ መንገዱ ላይ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። ድንጋዩ አንዴ ከተነጠፈ ያንን ነቅሎ ለኛ ለጥቂት አባወራ መገንጠያ የሚያወጣ ማንም አይኖርም። ፌዝ ቱ ቢመጣ እንኳ እናቴ አትደርስበትም። ጉድጓዱ ክፍት እያለ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ይህን አልደበቅኳትም፤ እንዳለ ነገርኳት።

«'ይታያል' ነው ያሉሽ?» አለች።

«አዎ።»

«ዓይን ካለው አሁን አይመለከትም? ጉድጓዱ ተከፍቶለታል!»

በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቢሮዬ መጣች። እንደ ሌላው ቀን ምሳ አምጥታልኝ መስሎኝ ነበር። በጠረጴዛዬ አጠገብ አልፋ ቀጥታ አለቃዬ ክፍል ገባች። በሩ ክፍት ስለነበረ ሁላችንም ሰማን።

«የሚመለከተው አካል ማን ናት?» አለች በአማርኛ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ጥያቄዎ ለሚመለከተው አካል ተልኳል።»

«እሺ። የታለች?»

«ማን?»

«አካሏ!»

አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እዚህ አይደለም እማማ። እኛ ወደ ላይ ነው የላክነው።»

እናቴ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ከላይ ያለው ኮርኒስ ነው፤ ያውም አይጥ የበላው። ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ አለቃዬ መለሰችና «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ፤ ግን ትዋሻለሽ» ብላቸው ወጣች። ቢሮው ሙሉ ወረቀት ውስጥ ተደብቆ ሳቀ። አለቃዬም ሳቁ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በራቸውን ዘግተው ቆዩ።

ከኛ ቢሮ ወጥታ ሌላ ቢሮ ሄደች፤ እነሱ ደግሞ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አሏት። እሷም «እኔን ነው ወይስ ውሃውን የማይመለከተው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ቦታም ሄደች፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ማታ እቤት ስገባ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ እያሸች አገኘኋት። ያንንም ውሃ ከነሪ ያመጣችው እሷ ናት።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ የለም» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የምትጽፊለት ነዋ። ከተማውን ሙሉ ፈለግኩት። ማንም አይቶት አያውቅም። ሁሉም ሌላ ቤት ነው ያለው ይላሉ። ወይ ሞቷል፣ ወይ ገና አልተቀጠረም።»

«እማዬ፣ ሰው እኮ አይደለም። አነጋገር ነው።»

«ሰው ካልሆነ እንዴት አድርጎ ይመለከታል?»

እኔ የቀዘቀዘውን ውሃ እንደገና ላሞቅላት አነሣሁት።

«እንግዲያው ቦታው ባዶ ነው» አለች ጉልበቷን እያጠፈች። «እኔ እመለከታለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ስነሣ በርጩማዋን በአንድ እጅ፣ ጃንጥላዋን በሌላ እጅ ይዛ ወጣች። ከጉድጓዱ ከወጣው የአፈር ክምር አጠገብ፣ ከዳገቱ አናት ላይ፣ ተደላድላ ተቀመጠችና መመልከት ጀመረች።

ፎርማኑ ከመሃል አገር የመጣ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ወጣት ነበር። «እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» አላት።

«ምንም። እየሠራሁ ነው።»

«ምን እየሠሩ?»

«እየተመለከትኩ። የሚመለከተው አካል ነኝ።»

ፎርማኑ አካፋውን ጥሎ ሳቀ። ጉድጓድ ውስጥ ካሉት ቆፋሪዎች ግማሹ ከገዘር የመጡ አሪዎች ስለሆኑ በአሪኛ ሰላም አለቻቸው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቀች፤ ቀትር ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል አድርጋ አመጣችላቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይነካታል? በማግሥቱ ጠዋት ስታረፍድ «አካል ዛሬ ቀረች እንዴ?» ተባባሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ሁለት ሰው ከነበርጩማዋ አንሥተው ሸራ ሥር አስገቧት። ቧንቧው በወረደ ቁጥር «አካል፣ ተመለከቱ?» ይሏታል፤ «ተመልክቻለሁ!» ትላለች። እኔ ወደ ቢሮ ስሄድ አብረውኝ የሚሄዱ ሴቶች «እናትሽ አይደሉም እንዴ?» ይሉኛል። «ናቸው። ሥራ ገብተው ነው» እላለሁ። ማፈር ነበረብኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን በሳቅ ሆዴን ይዤ ነበር የማልፈው።

ይሁንና ማየቷ ብቻ ውሃውን አላጠፈውም። ቧንቧው ደጃችንን አልፎ ሄደ። የድንጋዩ መኪና መጥቶ ኮብልስቶኑን ከመንገዱ ዳር ገለበጠ። አፈር መመለስ ከላይ ተጀምሮ ወደኛ እየቀረበ ነበር። እናቴ ያን ማታ ጉልበቷን አሽታ በጊዜ ጋደም አለች። እኔም የማጽናኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ አፌ ላይ የሚመጣው ሁሉ የቢሮ አማርኛ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከክልል ኃላፊ መጡ፤ የሥራውን ሂደት ሊጎበኙ። መኪኖቹ አቧራ አስነሥተው ሰፈራችን ቆሙ። አለቃዬ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ከኋላ ከኋላ፣ ከሌላ ቢሮ የመጡት ደግሞ ጫማቸውን ከጭቃ እየጠበቁ፣ ጉድጓዱ ዳር ተሰለፍን። እንግዳው ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ወረቀት አገላበጡና «ይሄ ሰፈር የውሃ ጥያቄ አቅርቧል ይላል። የሚመለከተው አካል የት ነው ያለው?» አሉ።

አለቃዬ ከሌላ ቢሮ የመጡትን ሰውዬ አዩ። ሰውየው ሌላኛውን አዩ። ሌላኛው ጫማቸውን አዩ።

ፎርማኑ ግን የለመደበት ነውና፣ ተንኮል ሳያስብ፣ እጁን ዘርግቶ «ያቻትና!» አለ።

ሁሉም ዞሮ አየ። እናቴ ጃንጥላዋን አጠፈችና ተነሣች።

«አቤት! እኔ ነኝ» አለች።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ያውም ጉድጓዱ አጠገቤ ነበር። እንግዳው ግን አልሳቁም። ቀረብ አሉና ጎንበስ ብለው «እናቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚመለከተው አካል?» አሏት።

«ሌላ የለም። ፈለግኩ፣ የለም። ስለዚህ እኔ ተመለከትኩ።»

«ምን ተመለከቱ?»

እናቴ እንዲህ አለች፤ ከነአማርኛዋ ነው የማስቀምጠው፤ «ውሃዋ ያልፋል። ለተማሪዋ ነው የሚሄደው። ጥሩ ነው፣ ይሂድ። ይጠጣ፣ ይማር፣ ጌታ ይባርክሽ። ውሃዋን አትስጡ አላልኩም። ግን በደጄ ሲያልፍ ደህና ዋልሽ አይለኝም። ሰው በሰው ደጅ ሲያልፍ ሰላም ይል የለም? አንቺ አሁን አልፈሽ ብትሄጂ ሰላም አትይኝም?»

«እላለሁ» አሉ እንግዳው።

«እህስ! እኔ አሁን ደከመኝ። አንቺ ተመልከቺ።» ይህን ብላ በርጩማዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ሰጠቻቸው።

ሰውየው ዙሪያቸውን አዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው ከትንሽ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ይደርሳል። ያኔ ነው እናቴ ያንን ቦታ ለምን እንደመረጠች እኔም የገባኝ። ከዚያ በርጩማ ላይ ሆነህ ስታይ ጉድጓዱ እግርህ ሥር ነው፤ ቀና ስትል ደግሞ የነሪ ዳገት ፊት ለፊትህ ነው። በዚያች ሰዓት ሁለት ጎረቤቶቻችን ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን እየወጡ ነበር። አንደኛዋ ቆማ ትንፋሽዋን ሰበሰበች። እንግዳው እስክትደርስ ድረስ አዩዋት።

«ይሄ በየትኛው ፌዝ ነው የተያዘው?» አሉ ሳይነሡ።

«በፌዝ ቱ፣ ክቡር» አሉ አለቃዬ።

«እስከዚያ ድንጋዩ ይነጠፋል?»

አለቃዬ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ግን አንድ የማልረሳላቸውን ነገር አደረጉ። «ይነጠፋል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ አይቆፈርም» አሉ፤ በቀላል አማርኛ። እኔ ሳውቃቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

«እንግዲያው ጉድጓዱ ሳይዘጋ መገንጠያ ይውጣ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ» አሉ እንግዳው፤ ተነሥተውም በርጩማውን በእጃቸው ለእናቴ መለሱላት። ያን ሁሉ ጊዜ በወረቀት ስንገፋው የኖርነው ነገር እንዲህ ነው ያለቀው።

እኔም ያዝኩ። «የሚመለከተው አካል በአካል በመገኘት ሁኔታውን ያስረዳ ሲሆን» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለቴ አንብበው ፈረሙበት። ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አልጠየቅኳቸውም።

ቦኖው ወዲያው አልተተከለም። መገንጠያው ወጥቶ፣ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ለቧንቧው የሚሆን ዕቃ ጠፋ ተብሎ፣ ዕቃው ሲገኝ የሚገጥመው ሰው ጠፍቶ፣ ብዙ ወራት ሄደ። ውሃ የተለቀቀ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ፉጨት እያሰማ መጣ፣ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ነገር ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። «አካል ትቅመስ!» አሉ ሁሉም። እናቴ ግን አልቀመሰችም። ጫማዋን አወለቀችና እግሮቿን ከቧንቧው ሥር አስገባች። «ስመላለስ የኖርኩት በነዚህ ነው፤ ቅድሚያ የነሱ ነው» አለች በአሪኛ። ጉልበቷ ድረስ ታጠበች። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ደስታ እንደዚያ እንደሚያስለቅስ የማውቅ አልነበርኩም።

ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ተማሪዎች ጎረፉ። ያ የጎረቤታችን በረትም በመጨረሻ ላሟን አስወጥቶ ሁለት የኢንጂነሪንግ ተማሪ አስገባ። ሳምቡሳ መጣ፣ ፎቶ ኮፒ መጣ፣ ባጃጁ በዛ። የቦኖውን ቁልፍ ሰፈሩ ለእናቴ ሰጣት። ጠዋት ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች፣ ውሃ የሚያባክን ተማሪ ስታይ ደግሞ ጾታውን ሳትመርጥ ትቆጣለች። ወንዶቹን «አንቺ ባለጌ፣ ዝጊው!» ስትላቸው ይሽኮረመማሉ። ተመርቀው ሲሄዱ ጋዋናቸውን ለብሰው ከሷ ጋር ፎቶ የሚነሡ አሉ። አንዷ ልጅ የመመረቂያ ባርኔጣዋን አድርጋላት የተነሡት ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

አሁን እናቴ አርጅታለች። ዓይኗ ቀስ በቀስ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ሆስፒታል ወስጃት ነበር፤ መዘግየታችንን በደግነት ነገሩን። እሷ ብዙም አልከፋትም። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የቦኖውን ድምፅ ታዳምጣለች፤ የማን ጀሪካን እንደሞላ፣ ማን ቧንቧውን ሳይዘጋ እንደሄደ በጆሮዋ ታውቃለች። ከተቀመጠችበት ሆና ትጮኻለች፣ የሄደውም ይመለሳል።

በቅርቡ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና ሲዞር ቦኖውን ገጨውና ውሃው ቆመ። እኔ አሁን ሌላ ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ቢሆንም ሰፈሩ «አንቺ ጻፊልን» አለኝ። ጻፍኩ፣ አስገባሁ፣ ተመለስኩ። ቀናት አለፉ፤ ሰዎች ጀሪካን ይዘው እንደገና ወደ ነሪ መውረድ ጀመሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎኗ ተቀምጬ ሳለ «ቦኖው ዝም አለ» አለችኝ።

«አውቃለሁ እማዬ። ደብዳቤ ጽፌያለሁ።»

«ለማን?»

ያኔ ነው የጻፍኩትን ያስታወስኩት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጣቶቼ እንደለመዱት ሄደው ነበር።

«ለሚመለከተው አካል» አልኳት።

ፊቷን ወደ ቦኖው አዙራ አሰበች። ከዚያ ቅር እንዳለው ሰው «አልደረሰኝም» አለች።

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ግልባጩ አለሽ? አንብቢልኝ።»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላት። «ጉዳዩ» ከሚለው ጀምሬ «በአክብሮት» እስከሚለው ድረስ፣ እያንዳንዱን ቃል ወደ አሪኛ እየመለስኩ፤ ያቺን ሐረግ ብቻ እንዳለች ተውኳት። ከብርሃንና ከጥላ በቀር በማይለዩት ዓይኖቿ ፊቴን ትክ ብላ እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ተመልክቼዋለሁ።»

ምርኩዟን አነሣችና ክንዴን ፈለገች። «በይ ተነሺ፣ ቢሯቸው ሳይዘጋ እንድረስ። በርጩማውን አንቺ ያዢው፤ እኔ ስቀመጥ የማየውን ትነግሪኛለሽ።»

በርጩማውን አነሣሁና ክንዴን ሰጠኋት።